ሰማዕት የሚባል ማን ነው?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን መታሰቢያ አስበን ከቤተ ክርስቲያን ከወጣን በኋላ፣ በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ ቤቴ አዘግም ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ካፊያውም አላባራም። በሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምረው ያደገ አንድ ወጣት ከኋላዬ ደርሶ ጥላውን ዘረጋልኝ። ጥቂት መንገድ በዝምታ ከሄድን በኋላ፣ «አባታችን፣ ይፍቱኝ። አንድ የከበደኝ ነገር ነበር፤ ልጠይቅዎ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፤ ጠይቅ» አልሁት።

«አቡነ ጴጥሮስን ሰማዕት እንላቸዋለን» አለ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ለጣዖት አልሰግድም ብሎ ሞተ። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ክርስቶስን አንክድም ብለው መከራ ተቀበሉ። አቡነ ጴጥሮስን ግን ክርስቶስን ካዱ ያላቸው የለም፤ የገደሏቸውም ሰዎች ራሳቸው ክርስቲያኖች ነን ይሉ ነበር። ታዲያ ስለ ሀገሩ የሞተ ሰው አርበኛ ይባላል እንጂ ሰማዕት ይባላልን?»

መልሱን ልጀምርለት ስል፣ ይዞት የመጣው ጥያቄ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ከፊቱ ተረዳሁ። ዝም ብዬ ብጠብቀው የልቡን አወጣው። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። የተገዛው ዕቃ ገሚሱ ብቻ ገብቶ ሳለ፣ ሁሉ ተሟልቶ እንደ ገባ አድርጎ በሞዴል 19 ላይ እንዲፈርም ታዟል። አለቃው የሆነው ሰው «ወረቀት እኮ ናት! ፈርመህ ኑሮህን ኑር» ብሎታል። ባይፈርም እንጀራው እንደሚቋረጥ ተነግሮታል፤ ሁለት ልጆችም አሉት። «እኔ እንደ ሰማዕታቱ አይደለሁም። ለአንዲት ወረቀት ብዬ ልጆቼን ላስርብን?» አለና አቀረቀረ።

የተወደዳችሁ አንባብያን! እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲያዩዋቸው የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንደኛው ስለ አንድ ታላቅ ጳጳስ፣ ሁለተኛው ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነውና። ነገር ግን የቀደሙትን ሰማዕታት ታሪክ በማስተዋል የመረመረ ሰው ሁለቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ያገኛል። ለዚያ ወጣት በመንገድ ላይ በጥቂቱ የመለስሁለትን፣ አሁን ዘርዘር አድርጌ ለሁላችሁ ለማቅረብ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሮማውያኑ ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የሀገራችን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር መጻፉን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። ሰማዕት የሚለው ቃል የተገኘው ሰምዐ፣ ማለት ሰማ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ስምዕ ማለትም ምስክርነት ነው። የጽርእ ቋንቋም ለሰማዕትና ለምስክር የሚጠቀመው በአንድ ቃል ነው። እንግዲህ ሰማዕት ማለት በመሠረቱ የሞተ ሰው ማለት አይደለም፤ የሰማውንና ያወቀውን እውነት በሸንጎ ፊት የሚመሰክር ሰው ማለት ነው። ሞቱ የምስክርነቱ ማኅተም ነው እንጂ ምስክርነቱ ራሱ አይደለም። በጦር፣ በረኃብ፣ በበሽታ የሚሞት ብዙ ነው፤ ሁሉ ግን ሰማዕት አይባልም። ሰማዕት የሚያሰኘው የሞቱ ጽናት ሳይሆን፣ ሊያድነው ይችል የነበረውን ሐሰት አልናገርም ማለቱ ነው።

ይህም እንደ ሆነ ለማወቅ የሮም ነገሥታት ከክርስቲያኖች ይፈልጉት የነበረው ምን እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። ብዙ ሰው ሮማውያን ክርስቲያኖችን ይገድሉ የነበሩት ደም ስለ ተጠሙ ብቻ ይመስለዋል። ጭካኔያቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚበዙት ዳኞች ክርስቲያኑ ሞቶ ከሚያዩት ይልቅ ክዶ ወደ ቤቱ ቢመለስላቸው ይመርጡ ነበር። የቢታንያ ገዥ የነበረው ፕሊንዮስ በ112 ገደማ ለንጉሡ ለትራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የተከሰሱትን ሰዎች ክርስቲያን ናችሁን ብሎ ሦስት ጊዜ እንደሚጠይቃቸው፣ የካደውና በንጉሡ ምስል ፊት ዕጣንና ወይን ያቀረበው በነፃ እንደሚለቀቅ አመልክቷል። ንጉሡም ይህን አሠራር አጸደቀለት። የቅርጣግናው ጠርጡልያኖስ ከዚህ በኋላ ይህንን ፍርድ ነቅፎ ሲጽፍ፣ ሌላውን ወንጀለኛ ያደረገውን እንዲያምን እንደሚገርፉት፣ ክርስቲያኑን ግን የሆነውን እንዲክድ እንደሚገርፉት አመለከተ። በእውነትም እንዲህ ያለ ሸንጎ የተገላቢጦሽ ነው። ዳኛ የተሾመው እውነትን ለማውጣት ሲሆን፣ ይህ ዳኛ ግን ሐሰትን ለመስማት ተቀምጧልና።

የሚጠየቀውም ነገር ሲታይ ትንሽ ነበር። ጥቂት ዕጣን፣ አንዲት ቃል ብቻ። የሰምርኔስ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ፖሊካርፖስ በ155 ገደማ በተያዘ ጊዜ፣ ሹማምንቱ በሠረገላቸው አስቀምጠው በለሰለሰ አንደበት ለመኑት፤ ቄሣር ጌታ ነው ብሎ ጥቂት ዕጣን ቢያጥን ምን እንደሚጎዳው ጠየቁት። ሽማግሌ ነበርና አዘኑለት። እርሱ ግን 86 ዓመት ሙሉ ያገለገለውንና አንዳች ክፉ ያላደረገበትን ንጉሡን እንዴት እንደሚሰድብ መልሶ ጠየቃቸው። ይህ ሽማግሌ ሞትን የመረጠው ዕጣኑ ስለ ከበደው አይደለም፤ ዕጣኑ የሚናገረው ነገር ሐሰት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ከሁሉም ይልቅ ለወጣቱ ጥያቄ የሚቀርበው የንጉሡ የዳኬዎስ ዘመን ነው። ዳኬዎስ በ250 ገደማ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ ከመሥዋዕቱም እንዲቀምስ፣ ይህንንም ለመፈጸሙ ከሹማምንት የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ቈይተው በኋለኛው ዘመን ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስምና መንደር፣ በአንዳንዶቹም ላይ ዕድሜውና በገላው ላይ ያለው ጠባሳ ስንኳ ተጽፎ፣ ምንጊዜም ለአማልክት ሲሠዋ የኖረ ስለ መሆኑ፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት ስለ መሠዋቱ ያረጋግጣል፤ የምስክሮችም ፊርማ አለበት።

በዚያን ጊዜ ክርስቲያኖች በሦስት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ አንሠዋም ብለው ታሰሩ፣ ተገደሉ። አንዳንዶቹ በፍርሃት ሠዉ። ሌሎቹ ግን ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው፣ ሳይሠዉ እንደ ሠዉ የሚመሰክረውን ወረቀት ገዙ። እነዚህ ሰዎች ለጣዖት አልሰገድንም፣ ዕጣን አላጠንንም፣ እጃችን ንጹሕ ነው፣ የገዛነው ወረቀት ብቻ ነው ይሉ ነበር። መከራው ባለፈ ጊዜ በቅርጣግና በቅዱስ ቆጵርያኖስ ሰብሳቢነት የተቀመጠው የ251 ጉባኤ ነገራቸውን መረመረ። ኃጢአታቸው ከሠዉት ሰዎች ኃጢአት የሚያንስ መሆኑን አመነ፤ ነገር ግን ኃጢአት አይደለም አላለም፤ ንስሐ እንዲገቡ ፈረደ። በእጅህ ያልሠራኸውን ክሕደት በስምህ እንዲመሰክርብህ ፈቅደሃልና። ያ ወጣት ይህን ስነግረው ቆም አለ። ከ1,700 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች «ወረቀት እኮ ናት» የሚለውን ቃል እንደሚያውቁት አልጠበቀም ነበር።

ነገር ግን በዚህ አንጻር ልንጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ስሕተት አለ፤ እርሱም ሰማዕትነትን እንደ ድፍረት መቍጠር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሞትን ፍለጋ የሚሮጠውን ሰው አመስግና አታውቅም። ፖሊካርፖስ በሞተበት ወራት ቁዊንጦስ የሚባል አንድ ሰው ራሱን በፈቃዱ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ሌሎችንም እንዲሁ አነሣሥቶ ነበር፤ አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ልቡ ቀልጦ ለአማልክት ሠዋ። የሰምርኔስ ምእመናን ይህንን ሳይሸሽጉ ጻፉ፤ ራሱን የሚሰጠውንም እንደማያመሰግኑ ገለጡ። ጌታችን በአንዲቱ ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ማስተማሩን (ማቴ. 10፥23) ያውቁ ነበርና። ቅድስት ኢየሉጣም ሕፃኗን ቂርቆስን ይዛ ተሰደደች እንጂ ወደ መኰንኑ ደጅ ፈጥና አልሄደችም። የተያዘች ጊዜ ግን አልዋሸችም።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጦ ያብራራው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ እርሱም ቤተ ክርስቲያናችን ተፍጻሜተ ሰማዕት ብላ ኅዳር 29 ቀን የምታከብረው አባት ነው። ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ስደትን ባወጀ ጊዜ የክርስቲያን ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ። አባቶቻችን ዓመተ ሰማዕታት ብለው የሚቈጥሩትም ከዚሁ ንጉሥ የንግሥና መጀመሪያ፣ ከ284 አንሥተው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ስደት ወራት መንጋውን እየጠበቀ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሸሽ ነበር። በ306ም ስለ ወደቁት ሰዎች ቀኖና ጻፈ። በብዙ ተገርፈው፣ ሥጋቸው ተሸንፎ የካዱትን፣ በንስሐ የቈዩትን ዘመን ቈጥሮላቸው 40 ቀን ብቻ ጨመረባቸው። ሳይገረፉ እስራቱን ብቻ ፈርተው በወደቁት ላይ አንድ ዓመት ጨመረ። አገልጋዮቻቸውን በእነርሱ ፈንታ እንዲሠዉ የላኩትን ጌቶች በሦስት ዓመት ንስሐ ሲቀጣ፣ የተላኩትን አገልጋዮች ግን በአንድ ዓመት ብቻ ቀጣ። ገንዘባቸውን ከፍለው መከራውን ያሳለፉትን፣ ቤት ንብረታቸውን ጥለው የሸሹትንም ከነቀፋ ነፃ አደረጋቸው፤ ገንዘባቸውን አጥተዋል እንጂ ሐሰት አልመሰከሩምና።

የዚህን አባት ፍርድ ልብ በሉ። ሽሽትን አልከለከለም፤ ገንዘብ ማጣትን አልከለከለም፤ ማልቀስንና መፍራትን አልከለከለም። የከለከለው አንዲት ነገር ናት፤ ሐሰትን በአፍ መናገር ወይም በሌላ ሰው እጅ ማናገር። ይህ ሁሉ ዘዴ ባለቀ ጊዜ፣ መሸሻ ሲጠፋና ጥያቄው ፊት ለፊት ሲመጣ፣ እርሱ ራሱ በ311 አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ስለዚህም የሸሸ ሰው ፈሪ፣ የሞተ ሰው ብቻ ጀግና ነው አይባልም፤ አንዱ ጴጥሮስ ሁለቱንም አድርጓልና።

አሁን ወደ ደሴ እንመለስ። ከዚህ ከተማ ወጣቶች ብዙዎቹ በአዲስ አበባ የቆመውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያውቁታል፤ የመንበራቸው ከተማ ግን ይህች የምንኖርባት ደሴ መሆኗን የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ ተወልደው፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ያደጉ መምህር ነበሩ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት ከግብፅ ብቻ ሲመጡላት የኖረች ቤተ ክርስቲያናችን ከልጆቿ መካከል እንዲሾሙላት በፈቀደ ጊዜ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አባ ዮሐንስ 19ኛ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶችን በግብፅ ሾሙ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ከእነዚህም ወሎ ለአቡነ ጴጥሮስ ደረሳቸው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሠፈራቸውን በደሴ አድርገው ነበር። ኅዳር 26 ቀን፣ የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በዋለ በማግስቱ፣ የተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስም በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የጠላት አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዪቱን በቦምብ ደበደቧት። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ስንኳ አልቀረም። በዚያ ቀን ቦምቡ ክርስቲያኑን ከእስላሙ፣ ወታደሩን ከሕፃኑ አልለየም። ቀጥሎም በሰሜን ግንባር በሠራዊቱና በገበሬው ላይ የመርዝ ጢስ ተነዛ። አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ማይጨው ዘመቱ፤ መጋቢት 22 ቀን በተደረገው ጦርነት ሠራዊቱ ሲፈታ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ እርሳቸው ወደ ደብረ ሊባኖስ ተሻግረው አርበኞችን ያጽናኑ ጀመር።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አበራ ካሣና የሌሎችም አርበኞች ጦር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ገሠገሠ። ክረምት ነበርና ወንዞች ሞልተው ጦሩ በአንድነት ሊገጥም አልቻለም፤ ሙከራውም ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ገቡ። በማግስቱ ሐምሌ 22 ቀን፣ የቅዱስ ቂርቆስ በዓል በተከበረ በሦስተኛው ቀን፣ በወታደር ሸንጎ ፊት ቆሙ።

በዚያ ሸንጎ የነበረ ቺሮ ፖጃሊ የሚባል የኢጣልያ ጋዜጣ ወኪል ያየውን ጽፎ አቆይቷል። ዳኛው የጠየቃቸው ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ሥጋዌ አልነበረም። ካህናቱ ሁሉ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ጭምር የኢጣልያን መንግሥት ሲያውቁ፣ እርሳቸው ብቻቸውን ለምን እንዳመፁ ነበር የጠየቃቸው። እርሳቸውም አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ በመሆናቸው የኢትዮጵያ ነገር እንደማይገዳቸው፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው በሀገራቸውና በቤተ ክርስቲያናቸው ፊት ኀላፊነት እንዳለባቸው፣ ሊያደርጉባቸው የፈለጉትንም እንዲያደርጉ፣ ነገር ግን ተከታዮቻቸውን እንዳይነኩ መለሱ። ሞት ተፈረደባቸው። ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው አውግዘው በጥይት ተደብድበው ዐረፉ።

እንግዲህ የወጣቱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይቆማል። ይህ ሞት ስለ ሀገር ነው ወይስ ስለ ሃይማኖት? ጥያቄውን የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮም ሰዎች በጻፈው መልእክት (ሮሜ 13) ነፍስ ሁሉ ለበላይ ባለ ሥልጣን እንዲገዛ ማዘዙ ነው። ሁለተኛው፣ የቀደሙት ሰማዕታት በሮም መንግሥት ላይ ያላመፁ መሆናቸው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ የሮም ጭፍሮች ነበሩ፤ የንጉሡን ግዳጅ ፈጽመዋል፤ እንቢ ያሉት ስግደቱን ብቻ ነው።

ነገር ግን መጥምቁ ዮሐንስን እናስብ። ሄሮድስ ዮሐንስን እግዚአብሔርን ካድ አላለውም። ዮሐንስ የሞተው የወንድምህን ሚስት ታገባ ዘንድ አልተፈቀደልህም ብሎ ስለ ተናገረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ስለ አንድ ንጉሥ ጋብቻ ነው የሞተው ብላ ከሰማዕታት ቍጥር አላወጣችውም። ዳግመኛም በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን ናቡቴን እናስብ። ንጉሡ አክዓብ የአባቶቹን ርስት በጠየቀው ጊዜ አልሰጥም አለ፤ በሐሰት ምስክሮችም ተወግሮ ሞተ። ናቡቴ የሞተው ስለ አንዲት የወይን ቦታ ነው፤ እግዚአብሔር ግን ነቢዩን ኤልያስን ልኮ ደሙን ተፋረደው። ከዚህ እንደምንረዳው እግዚአብሔር የእውነትን ሥራ የሃይማኖትና የዓለም ብሎ እኛ እንደምንከፍለው አይከፍለውም። በሐሰት አትመስክር ያለው በቤተ መቅደስ ውስጥ ለሚነገረው ነገር ብቻ አይደለምና።

አቡነ ጴጥሮስ የተጠየቁት እንግዲህ ምን ነበር? ለወራሪው ግብር እንዲከፍሉ አልተጠየቁም። ጳጳስ ናቸውና ሥልጣነ ክህነታቸውን ይዘው ለሕዝቡ እንዲመሰክሩ ተፈለገ፤ ይህ መንግሥት ሕጋዊ ነው፣ የተደረገውም ትክክል ነው እንዲሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያ ቃል ኪዳኗን አፍርሳ ጦርነት እንደ ጀመረች ፈርዶ ነበር። የመንበራቸው ከተማ ሆስፒታል የተደበደበው በዚያው ዓመት ነው። ይህንን ትክክል ነው ቢሉ፣ እንደ ዕጣኑ ጥቂት፣ እንደ ወረቀቱም ቀላል በሆነች ቃል በልጆቻቸው ደም ላይ በሐሰት መስክረው ነበር። ሐዋርያው ስለ ባለ ሥልጣን ሲናገር ለበጎ ሥራ የቆመ የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን አስረድቶ ነው፤ በቀማኛ እጅ ያለውን ዝርፊያ ባርኩ አላለም። መልካም እረኛም ተኵላው ሲመጣ መንጋውን ትቶ እንደማይሸሽ ጌታችን አስተምሯል።

በዚህም ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሀገር የሞተ ሁሉ ሰማዕት ነው ማለቴ አይደለም። ኢጣልያዊውም ወታደር ለሀገሬ ብሎ ሞቷል። ሀገር መውደድ ብቻውን ሰማዕት ቢያደርግ ኖሮ፣ ወራሪና ተወራሪ በአንድ ቀን አክሊል በተቀዳጁ ነበር። ሚዛኑ አፈሩ አይደለም፤ እውነቱ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕት የተባሉት በኢትዮጵያ ምድር ላይ ስለ ወደቁ ሳይሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሐሰት አልናገርም ብለው ስለ ወደቁ ነው። ስለዚህ ሀገርንና ሃይማኖትን የሚለየው ጥያቄ በእርሳቸው ላይ ሲደርስ መለያ ቦታ ያጣል።

እዚህ ላይ ሳንናገር ልናልፈው የማይገባ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከእርሳቸው ጋር ከተሾሙት መካከል አቡነ ሚካኤል በጎሬ በ1929 ዓ.ም. እንደዚሁ በጠላት ተገድለው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። በዕድሜ የገፉት አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ወራሪው ከእስክንድርያ ለይቶ ባቋቋመው አስተዳደር የሊቀ ጳጳስነትን ሹመት ተቀበሉ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። በአንድ ዘመን አንድ ቅብዐት የተቀቡ፣ አንድ መሐላ የማሉ አባቶች ነበሩ። አቡነ ቄርሎስም ቢሆኑ በመጀመሪያ ለወራሪው ቢያጎነብሱም፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ለመለየት አልተባበርም ብለው ሀገሩን ለቀው ሄደዋል። ስለ እነዚህ አባቶች ምን እንበል? እኔ በእነርሱ ላይ ድንጋይ ለማንሣት እጄ አይታዘዝልኝም። ጠመንጃ በደረቴ ላይ ተደግኖ አያውቅም፤ ፍርሃቴን አልመዘንሁትም። የእስክንድርያው ጴጥሮስ የወደቁትን በቀኖና ተቀበላቸው እንጂ አልጣላቸውም። ሐዋርያው ጴጥሮስም በአንዲት ገረድ ፊት ጌታውን ካደ፤ አልቅሶ ተመለሰ፤ በኔሮን ዘመን በሮም ከተማ ሰማዕት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ውድቀትን ውድቀት ብላ ትጠራዋለች፤ የወደቀውን ግን ልጄ ማለቷን አትተውም። ውድቀቱን ደኅና ነው የሚል ሰው ሰማዕቱን ይበድላል፤ የወደቀውን ተስፋ የሚያሳጣም የሰማዕቱን አምላክ ይበድላል።

በዚያ ቀን ከወጣቱ ጋር ከቤቴ ደጅ ስንደርስ ካፊያው አባርቶ ነበር። የመለስሁለት እንዲህ ነው። «ልጄ፣ ሂድና ሙት አላልሁህም። ከአለቃህ ጋር ተጣላ፣ በአደባባይ ስደበው፣ ስምህን በድፍረት አስጠራ አላልሁህም፤ ይህ የቁዊንጦስ መንገድ ነው። ዘዴ ካለህ ዘዴህን ፈልግ። ዕቃው በኮሚቴ ይቈጠር በል፤ ካልሆነም ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ብለህ አመልክት። ቢጎድልብህ ይጉደልብህ። ይህ ሁሉ የኢየሉጣ ሽሽት ነው፤ ነውር የለበትም። መሸሻ ባጣህና ወረቀቲቱ ብቻዋን በፊትህ በቀረች ጊዜ ግን፣ ያልገባውን ገባ ብለህ አትፈርም። ለልጆችህ የምታበላቸውን እንጀራ እግዚአብሔር ከሌላ በር ሊሰጥህ ይችላል፤ የሐሰት ምስክር አባት ከሆንህባቸው ግን ሌላ አባት ከየት ይመጣላቸዋል?» አልሁት። ይህን ስናገር ቃሉ ለእኔ ቀላል፣ ለእርሱ ግን ከባድ መሆኑን አልረሳሁም፤ ወር ሲሞላ ደመወዝ የሚቀርበት እርሱ ነውና።

በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ዕቃው እንዲቈጠር አመልክቶ፣ በዐይኑ አይቶ ለተረከበው ብቻ ፈረመ። ከሥራው አልተባረረም፤ ነገር ግን ከግምጃ ቤት ተነሥቶ አበል ወደሌለበት ክፍል ተዛወረ፤ ኑሮውም ጠበበ። እስከ ዛሬ ድረስም ያው ነው። ይህን የምጽፈው፣ እውነት የተናገረ ሁሉ ወዲያው ይሾማል፣ ይሸለማል ብዬ አንባቢን ላታልል ስለማልወድ ነው። ሰማዕታትም በዚህ ዓለም የተከፈላቸው ነገር የለም። የተጠራቀመ የሐሰት ፊርማ አንድን ሀገር እንዴት እንደሚጥል ግን የምናውቀው ሁላችን ነን፤ በመጋዘን የሌለ እህል አለ ተብሎ ሲፈረም፣ ያልተሠራ መንገድ ተሠራ ተብሎ ሲመሰከር፣ ያልታየ ነገር በችሎት ፊት ታየ ተብሎ ሲማል የሚራበውና የሚታሰረው ድሀው ነው።

ምእመናን ሆይ! በየወሩ ጊዮርጊስ፣ መርቆሬዎስ፣ ቂርቆስ እያልን የሰማዕታቱን ዝክር እናወጣለን፤ ገድላቸውን እንሳለማለን፤ ይህ መልካም ነው። ካህናት የሆንን ግን ለልጆቻችን ስለ መንኰራኵሩና ስለ እሳቱ ብቻ ነግረን፣ ስለ ዕጣኑና ስለ ወረቀቱ ሳንነግራቸው ብንቀር፣ ሰማዕትነትን የጥንት ዘመን ተአምር እናደርግባቸዋለን። መንኰራኵሩ ዛሬ በደጃችን የለም። ወረቀቱ ግን ሰኞ ጠዋት በእያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ ጥበብ ከውድቀት እንድንሸሽ፣ የደሴው ጳጳስ የአቡነ ጴጥሮስ ጽናት መሸሻ ባጣን ጊዜ እንድንቆም፣ የሐዋርያው ጴጥሮስ እንባም ብንወድቅ እንድንነሣ ይርዳን።

የሰማዕታት አምላክ ልዑል እግዚአብሔር በእውነት ጸንተን እንድንኖር ይፍቀድልን። አሜን።